ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ከተማውን ሲያካልሉ ኖረው፣ ወደ አሮጌው መንደር ግን ለአርባ አምስት ዓመት ዝር ብለው አያውቁም። ዛሬ ልጃቸው እየጎተተች አመጣቻቸው። እዚያው አጠገብ፣ አዲሱ ፎቅ ላይ ቤት ገዝታለች፤ “አባዬ፣ በልጅነትህ አናጢ ነበርክ አሉ፤ ቁምሳጥኑን አንተ ሥራልኝ” እያለች ስትለምናቸው ወር አለፋት። “እኔ መሪ እንጂ መጋዝ አልይዝም” ይሏታል። ምክንያቱን ሆድ ይፍጀው ብለው ትተውታል።

መንደሩን ከተማ ውጦታል። ገብስ ይታጨድበት የነበረው ማሳ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የቀረው አደባባዩ፣ የውሃ ጉድጓዱና የድንጋዩ አዳራሽ ብቻ ነው። የአዳራሹን በር ሲያዩ ሽማግሌው እርምጃቸውን ገቱ። ያ ጉዳቸው ዛሬም ቆሟል!

አስጎብኚዋ ሰው ሰብስባ ታስረዳለች። “የመንደሩ በር ሁሉ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ይሄ ብቻ ወደ ውጭ። አናጢው ምን ያህል አርቆ አሳቢ እንደነበር ተመልከቱ!”

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። “የምን አርቆ አሳቢ፣ የኔ ልጅ! ሐሳቡ ኮረዳ ላይ የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጅል ነው። እኔ ነኝ። ማጠፊያውን ገልብጬ መታሁት። በምረቃው ቀን የመንደሩ ሹም ሊገባ ሲገፋው በአፍንጫው ተላተመ። አለቃዬ መጋዜን ቀምቶ ዓይንህን ላፈር አለኝ፤ በሩንም ‘ማፈሪያህ ሆኖ ይኑር’ ብሎ ተወው።”

ልጃቸው አፏን ከፍታ ቀረች። አስጎብኚዋ ግን አላመነችም።

“እስቲ ከታችኛው ማጠፊያ ሥር እዪ። በስህተት የበሳሁትን ቀዳዳ በእርሳሴ ቁራጭ ወትፌዋለሁ።”

ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰች። የቀይ እርሳስ ጉማጅ አገኘች። ስትነሳ ፊቷ ተለዋውጧል።

“አባቴ፣ ጣሪያው በእሳት የተያያዘ ዕለት እናቴ ውስጥ ነበረች። ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ ተደራርቦ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ የሚል ጠፋ። ሲገፉት ተበረገደላቸው። ወደ ውስጥ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው አይተርፍም ነበር ትላለች። እኔ ያኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ።”

የሽማግሌው እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ በሰው ፊት ማልቀሳቸው ግን አላሳፈራቸውም። ከዚያ በሩን ከፈት ዘጋ አድርገው ሞከሩት።

“ሲጢጥ ይላል” አሉ። “ዘይት ያስፈልገዋል።”

ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም አሉ። “ለመሆኑ የግድግዳው ስፋት ስንት ነው?”

“የምኑ ግድግዳ፣ አባዬ?”

“ቁምሳጥኑ የሚቆምበት ነዋ! በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ከአሁኑ ነግሬሻለሁ።”

ልጃቸው በሳቅ ፈነዳች። “የቁምሳጥን በር እኮ ሁሉም ወደ ውጭ ነው!”

“በይ እንግዲያው፣ ዘንድሮ አልሳሳትም።”