ሁለት በር ያለው ፋይል

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ከሆነች፣ ይህ ስንት ሺህ ኮምፒውተር የታዘዘለት ጣቴ ይድረቅ! ምስክርም አለኝ፤ ባልደረባዬ ይችውላችሁ አጠገቤ ተቀምጣለች።

በማተሚያ ቤታችን ሰርቨር ላይ አንድ የማይታወቅ ፋይል ተገኘ። የተጫነውን ሁሉ የሚመዘግበው፣ ፓኬጅ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም «ይህ የማን ነው?» ቢባል «የማንም አይደለም» አለ። አለቃችን ቱግ ብሎ ባልደረባዬ ላይ ጮኸ። «ከውጭ ያስገባሽው አንቺ ነሽ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለቤቱ ካልተገኘ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

እኔስ ምን አደረግሁ? ማሽኑ ውስጥ ገባሁ። አዎ፣ በእግሬ!

ውስጡ ሰማያዊ ኮሪደር ነው። ወለሉ እንደ ውሃ ይተነፍሳል፤ የማራገቢያው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ይሰማል። በሮቹ ተራራ ያህላሉ። ጥግ ላይ መዝጋቢው ፕሮግራም ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጺሙ ሦስት ፎቅ ወርዶ ተጠቅልሏል።

«አባባ፣ ይህ ፋይል የማን ነው?»

«በየትኛው በር አየኸው?»

«በፊት ለፊቱ።»

«በዚያ በር ያስገባሁት ዕቃ የለም» ብሎ መዝገቡን ድርግም አድርጎ ዘጋው።

በሩን ገፋ ባደርገው፣ ለካ አቋራጭ ኖሯል! ወደ ኋላው ክፍል የሚመራ ስም ብቻ። ተከትዬው ብሄድ ያው ፋይል በኋላው በር ስም ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል። ባለቤት አለው!

«ኧረ አባባ!» አልኩት፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ። «ክፍሉ ሁለት በር ስላለው ዕቃው ባለቤት ይጣ? ሲጠይቁህ መጀመሪያ አቋራጩ የት እንደሚያደርስ ተከተል፤ ከዚያ መዝገብህን ግለጥ። ስለ አቋራጩ ስለ ራሱ ከጠየቁህ ደግሞ ማን እንዳስቀመጠው ንገራቸው!»

ሽማግሌው አለቀሰ። እንባው ፊደል ፊደል እየሆነ ኮሪደሩን ሞላው፤ እኔም በላዩ እየተንሳፈፍኩ ወጣሁ። ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማስረጃውን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ከወንበሩ ተነስቶ «ና፣ አንተ ተቀመጥበት» አለኝ።

«ዋሸሁ እንዴ?» አልኳት ባልደረባዬን።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ቀስ ብላ መለሰች።

«ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎዎት ነበር። ብርድ እንዳይመታዎት ኮቴን ደርቤልዎት፣ አቋራጩን የተከተልኩት እኔ ነኝ። በአቋራጩ ስም ጠይቀው ‹ባለቤት የለውም፣ እሷ ናት ያስገባችው› ብለው ለአለቃችን የነገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»