አሥራ አንድ ክምር

በሌዚሪያ ባሕር ዳር መረብ ተጎትቶ ዓሣ ሲከፋፈል ስም የሚጠራው ዜፈሪኖ ነው። የጀልባው ጌታ ዓሣውን አሸዋው ላይ እኩል እኩል ይከምራል። ጠሪው ለክምሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይቆማል። ጌታው አንዱን ክምር በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ የማን ነው?» ሲል፣ ጠሪው ሳያይ አንድ ስም ይጠራል። አንዴ ከተጠራ አይመለስም። ይህን ሥራ ለዜፈሪኖ የሰጡት ወደውት እንዳይመስላችሁ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ጋር የተኳረፈ ስለሆነ ለማንም አያዳላም ብለው ነው።

ኩርፊያውም ምክንያት ነበረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እናቱን ቀብሮ፣ ጥቁሩን ልብስ ሳያወልቅ መጥቶ ገመድ ጎተተ። ያኔ የጀልባው ጌታ፣ የዛሬው ባለጀልባ የአማንዲዮ አባት ነበር። «ዘግይተሃል» ብሎ ድርሻውን አስቀረበት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አርባ አራት ዓመት ሆነው። የበደለ በማግስቱ ይረሳል፤ የተበደለ ነው እድሜ ልኩን ሲያመነዥክ የሚኖረው።

ቦርሳ አዝለው ከመንደር መንደር የሚዞሩትን መንገደኞችም አይወዳቸውም ነበር። አንድ ቡና ያዛሉ፣ ስልካቸውን ሲሞሉ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ኡሺያ የምትባለዋ ልጅ ግን ቡናውንም አላዘዘችም። ከድንበሩ ማዶ፣ ጋሊሺያ ከሚባል አገር፣ ባሕሩን ይዛ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ንግግሯ ከነሱ ብዙም አይርቅም። ሰኞ ወደ ማታ ዳቦ ቤቱ ያደረ ዳቦ በርካሽ ይሸጥላት እንደሆነ ስትጠይቅ ዜፈሪኖ ሰምቷታል። እዚያው ጀልባዎቹ ጥግ ድንኳኗን ተክላ አደረች።

ማክሰኞ ጠዋት መረቡ ገና ማዕበሉ ውስጥ እንዳለ፣ የሚጎትተው ትራክተር አንድ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ። ባሕሩ መረቡን ወደ ኋላ ይስብ ጀመር።

«ገመዱን ያዙ፣ ያለ ሰው ሁሉ ይያዝ» ብሎ አማንዲዮ ጮኸ።

ኡሺያ ድንኳኗን እያጣጠፈች ነበር። ጥላው ሮጠችና ከዜፈሪኖ ኋላ ገመዱን ያዘች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጎተቱ። ጨው የጠጣ ገመድ መዳፍ ይልጣል፤ ለለመደውም ይልጣል።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ የምትጎትቺው ባል ቢሆን ይሻልሽ ነበር» አለቻት አሮጊቷ ዴኦሊንዳ።

«ባልማ ከዚህ ይከብዳል ይላሉ፣ እማማ።»

ገመዱ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ዜፈሪኖ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

መረቡ ወጣ። ሰርዲን ሞልቶታል። አማንዲዮ መከመር ጀመረ፤ ዜፈሪኖ ጀርባውን ከማዞሩ በፊት ቆጠረ። ክምሩ አሥራ አንድ ነው።

«አሥራ ሁለት ነን» አለ።

«ቱሪስት አይቆጠርም» አለ አማንዲዮ። «አምና አንዱ ለሁለት ደቂቃ ገመድ ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ዓሣዬስ አለኝ። ዛሬ ለሷ ከሰጠን ነገ አገሩ ሁሉ ቦርሳውን አዝሎ ይመጣል። አንተ ዞር በልና ጥራ፤ ካልጠራህ የሚጠራ አላጣም።»

ልጅቷ ሰምታለች። ወደ ድንኳኗ ሄዳ የተላጠ መዳፏን በካልሲ ትጠቀልል ጀመር። ዜፈሪኖ ያንን አየና ወደ ባሕሩ ዞረ። በዚህ መንደር ያለችው ክብር ይህችው ስም መጥራት ናት፤ ሌላ የለውም።

«ይሄ የማን ነው?»

«የመንገደኛዋ።»

«ማን አልክ?»

«ሰምተሃል።»

«እሷ የለችበትም እኮ፣ ሰውዬ።»

«ተጠራ፣ አማንዲዮ» አለች ዴኦሊንዳ። «የተጠራ ተጠራ ነው። አባትህም ቢሆን ይህችን አያፈርስም ነበር።»

አማንዲዮ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ክምር ሄደ። የዴኦሊንዳ ተጠራ፣ የትራክተር ነጂው ተጠራ፣ እያለ አሥሩ ክምር አለቀ። አንድ ክምር ቀረ። ያልተጠሩት ሁለት ናቸው፣ ዜፈሪኖና አማንዲዮ።

«ይሄ የማን ነው?»

ዜፈሪኖ ባሕሩን አየ። የራሱን ስም ቢጠራ፣ አማንዲዮ በገዛ መረቡ፣ በገዛ ሠራተኞቹ ፊት ባዶ ቅርጫት ይዞ ይገባል። አርባ አራት ዓመት የተጠበቀ ነገር አፉ ድረስ መጥቶለታል፤ ቃሉ ደግሞ አይመለስም። ከኋላው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። ያኔም እንዲሁ ዝም ብለው ነበር።

«የማን ነው እኮ?»

«የአንተ ነው፣ ውሰደው» አለ። «እኔን ማስቀረት እንደሆነ ከአባትህ የወረስከው ነው።»

አማንዲዮ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ከአባቱ ጎን ቅርጫት ይዞ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ዜፈሪኖ፣ አማንዲዮ ሄዶ እንደሆነ ብሎ ሊዞር ሲል፣ ዓሣ በእጅ ሲታፈስና አሸዋ ላይ ዷ ሲል ሰማ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። ከዚያ የአማንዲዮ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ይሄስ የማን ነው?»



«የዜፈሪኖ» አለ።

ዞር ሲል ግማሽ ክምር ነው፤ ከአማንዲዮ ድርሻ ላይ የተቀነሰ። አማንዲዮ ቀና ብሎ አላየውም፤ ወደ ትራክተሩ ሄዶ ነጂውን ይሰድብ ጀምሯል።

ረፋዱ ላይ ኡሺያ እንጨት ለቅማ እሳት አንድዳለች። ዜፈሪኖ በዚያ በኩል ሲያልፍ የደረሳትን ዓሣ ሆድ በቢላ ስትቀድ አየና ቆመ።

«ማነው ሰርዲን ቀዶ የሚጠብስ?»

«እንዴት ነው ታዲያ፣ አጎቴ?»

«ከነሆዱ። ጨው ነስንሰሽበት።»

«ጨው የለኝም።»

«ጨው ሳይዙ አገር ማቋረጥ» እያለ እያጉረመረመ ቤቱ ሄደ። ጨውና ግማሽ የበቆሎ ዳቦ ይዞ ተመለሰና፣ ሳትጋብዘው ከእሳቱ ወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።