የለማ ንፍሮ

ፀሐይነሽ፣ ዶሃ ውስጥ ቢን ኦምራን ከሚባለው ሰፈር፣ የብርቅነሽ ቤት በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። የተጠራችው ለምሳ ነበር። ለምሳ ደግሞ ይህን ያህል ጫማ በር ላይ አይከመርም። ያውም ከመሀሉ የቢኒያም ጥቁር የቆዳ ጫማ አለበት። ቢኒያም የአውሮፕላን ጥገና መሐንዲስ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ከቱታና ከነጠላ ጫማ አይወጣም፤ ያን የቆዳ ጫማ የሚያወጣው ለሠርግና ለመርዶ ብቻ ነው። የሚያገባ ሰው ደግሞ አልሰማችም።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። ስንዴና ሽምብራ አብሮ ሲቀቀል የሚሸተውን ማንም አይስተውም። ንፍሮ ነው።

በዚህ በኩል ፀሐይነሽን የሚያታልላት የለም። መርዶ በማርዳት ዶሃ ውስጥ እሷን የሚያህል አልተገኘም። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አባቷ ሞቶ ከአገር ቤት ሲደወል፣ የሚደወለው ለፀሐይነሽ ነው። ልጅቷ ሐዘኗን በማዳም ወጥ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን፣ በስልክ እንዳትሰማው፣ በዕረፍት ቀኗ በሰበብ ትጠራለች፤ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራታል። ፌስቡክ ቀድሞ እንዳያረዳት መጀመሪያ ስልኳን «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብሎ መቀበልም የፀሐይነሽ ፈጠራ ነው።

«ፀሐይዬ፣ ስልክሽን አምጪ ቻርጅ ላድርግልሽ» አለች ብርቅነሽ በሩን እንደከፈተች።

«ሞልቷል» አለች ፀሐይነሽ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ነርሷ ቤርሳቤህ የደም ግፊት መለኪያዋን በሶፋው ትራስ ልትሸፍን ትታገላለች። ቢኒያም ክራቫት አስሮ ምንጣፉን ያጠናል። ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ።

«እናቴ ናት» አለች ፀሐይነሽ።

«ኧረ አይደለችም» አሉ በአንድ አፍ።

እንዲህ በሉ ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። እናም እሪታዋን አቀለጠችው።

የእናቷ ሞት እንደ ማንም ሞት አይደለም። እኚያ ሴት በሕይወት የሚቆዩት አንድ መልስ እየጠበቁ ነው። የፀሐይነሽ ታናሽ ወንድም ለማ፣ በትንሿ ከተማቸው ፎቶ ቤት ነበረው። የከተማው ሰው መታወቂያ ላይ ያለው ፊት ሁሉ በእሱ እጅ የተነሣ ነው። አንድ ማለዳ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። ያየ የለም፤ የሰማ የለም። ገዳዩም ቢሆን ፎቶውን የተነሣው እዚያው ይሆናል፤ ፀሐይነሽን ከሁሉ የሚያንገበግባት ይሄ ነው። እናት መልሱን ሳይሰሙ እንዳይሞቱ ልጅ ዓርብ ዓርብ ለፖሊሱ ለሳጅን ክፍሌ ትደውላለች።

ይኸው ስንት ዓመት ትደውላለች። ክፍሌ ሲያገባ በስልክ እልል ብላለታለች፤ ሚስቱ ስትወልድ ከዶሃ የሕፃን ልብስ ልካለች፤ እሱም የማዳሟን ጠባይና የእሷን የወገብ ሕመም አብጠርጥሮ ያውቃል። ይሄ ሁሉ ተወርቶ ሲያልቅ፣ የለማ ጉዳይ ሲነሣ፣ ድምፁ ይወፍርና «ጉዳዩ በክትትል ላይ ነው» ይላል። እሷም «ክትትልህን ውሃ ይብላው» ብላ ትዘጋበታለች። በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና ትደውላለች።

«ፀሐይዬ፣ ስሚኝማ፣ እናትሽ ደህና ናቸው» አለች ብርቅነሽ እያባበለች።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ምን ወላሂ ትያለሽ፣ ማርያምን በይ እንጂ።» ይህን ብላ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ ወደ አገር ቤት በቪዲዮ ደወለች።

ስልኩ ተነሣ። እንደ ወትሮው የእናቷ ግንባር ብቻ ታየ፤ ከዚያ በታች አሳይተው አያውቁም።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለ ግንባሩ።

«አንቺ።»

«እኔ?» እናት ጥቂት አሰቡ። «እኔማ ሽሮ እያቁላላሁ ነው። ማን ነገረሽ?»

«ንፍሮ ቀቅለዋል እማዬ። ቢኒያም ክራቫት አስሯል።»

«ሞቼማ ቢሆን ጎረቤቱ መቼ ዝም ይላል» አሉ እናት። «ዛሬ ግን ሰው ምን እንደነካው እንጃ። ያ ክፍሌም ጠዋት መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ ቆየና፣ ቁርስ ባቀርብለት እንባው ቀደመው። ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል ብዬ መክሬ ሸኘሁት።»

የፀሐይነሽ ልቅሶ ቆመ። ክፍሌ ከሚስቱ አለመጣላቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ስልኩን ሶፋው ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቢኒያም ዞረች።

«በል ተናገር» አለችው።

ቢኒያም ተነሥቶ ክራቫቱን አስተካከለ። ሲያረዳ የሚያውቀው ንግግር አንድ ብቻ ነው። «እንግዲህ እህቴ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ሲሆን...» ብሎ ጀመረና ተደናቀፈ። «የፈጣሪ እንኳ አይደለም። የዐቃቤ ሕግ ነው።»

«የምን ዐቃቤ ሕግ?»

«የለማ መዝገብ ተዘግቷል። ተጠርጣሪ ስላልተገኘ። ሳጅን ክፍሌ ሊነግርሽ አቃተው፤ ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማው ብሎ ለብርቅነሽ ደወለላት።»

ፀሐይነሽ አንድ በአንድ አየቻቸው። «የሞተው መዝገብ ነው?»

«አዎ» አለ ቢኒያም።

«ብርቅነሽ፣ ለመዝገብ ነው ንፍሮ የቀቀልሽው?»

«መርዶ አርዱልኝ አለኛ» አለች ብርቅነሽ። «እኔ ያለ ንፍሮ መርዶ የት አውቃለሁ? ያስተማርሽኝ አንቺ።»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ቤርሳቤህ ናት፤ አፏን በመለኪያው ጨርቅ ይዛ ተንከተከተች። ከዚያ ቢኒያም፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ፀሐይነሽም ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ሳቋ መቼ እንደተለወጠ ማንም ልብ ሳይል፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ «ለማዬ» ትል ጀመር።

ይህን ስም ስታለቅስበት ሰምቷት የሚያውቅ አልነበረም። የለማን መርዶ የሰማችው ከዶሃ ወጣ ብሎ ኡም ሰላል መሐመድ በሚባል ቦታ፣ በመጀመሪያዋ ማዳም ቤት፣ ልብስ ስትተኩስ ነው። አንድ የአጎት ልጅ ደውሎ ዱብ አደረገባት። ማታ እንግዳ ስለነበረ ማዳም በር ላይ ቆማ «ያላ ያላ» እያለች ታጣድፋታለች። የቀረውን ልብስ ሁሉ ተኩሳ ጨረሰች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው የሰው መርዶ ሁሉ የእሷ ሹግል፣ የእሷ ሥራ የሆነው። ለራሷ ግን ገዳዩ ሳይታወቅ ላላለቅስ ብላ ማለች፤ ካለቀሰች የተወችው፣ መጠበቋን ያቆመች መስሏት። አሁን መዝገቡ ተዘጋ፤ መሐላው ግን የት እንደሚደርስ አታውቅም፤ ይህ አመማት።

«እማዬን ምን ልበላት?» አለች። «እሷ እኮ መልስ ትጠብቃለች። ክፍሌ የፈራውን እኔ በምን አፌ?»

«ሰምቻለሁ» አለ ከሶፋው ላይ ድምፅ።

ለካ ስልኩን የዘጋው የለም። ብርቅነሽ ሮጣ አነሣችው። ግንባሩ እዚያው አለ።

«እማዬ...»

«ዝም በይ። ያ ምስኪን ልጅ ይሄን መናገር አቅቶት ኖሯል ቁርሴን ሳይቀምስ የሄደው። እኔ ደግሞ ስለ ሚስት አያያዝ ስመክረው።» እናት ተነፈሱ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ እኔ እዚህ ብቻዬን ሳለቅስለት፣ አንቺ እዚያ ፖሊስ ስታሯሩጪ ኖርሽ። አንድም ቀን አብረን አላለቀስንለትም። መጠበቁን እንደሆን አልቅሰንም እንጠብቃለን።»

ፀሐይነሽ ከምንጣፉ ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰች። «ንፍሮውን አምጪው» አለቻት ብርቅነሽን። «የለማ ነው።»

ብርቅነሽ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ፣ እናቲቱን መሀላቸው አስቀመጠቻቸው። አለቀሱ። ቢኒያም ያን ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለው፤ በዚህ ጊዜ በትክክል ሠራ። ቤርሳቤህ በየመሀሉ የፀሐይነሽን ግፊት ትለካለች። እናቲቱ «እኔንም ለኪኝ» እያሉ ግንባራቸውን ወደ ስልኩ ያስጠጋሉ። ሽሯቸው አርሮ ጎረቤት በጭሱ ተጠርቶ ገባና እዚያም ልቅሶ ተቀመጠ። ምሽት ላይ ፀሐይነሽ ፊቷን ታጥባ ወደ አል ዋዓብ፣ ወደ ማዳሟ ቤት ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓርብ አልደወለችም። ለማን ትደውል? ስልኩ ላይ ዓይኗን ጥላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለች ጠራ። ክፍሌ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን እሱ ደውሎ አያውቅም።

«እታለም፣ ወገብሽ እንዴት ሰነበተ?»

«ደህና ነው። አንተ ፈሪ።»

«ፈሪ ነኝ» አለ ክፍሌ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መዝገቡን ለመዝገብ ቤት አስረክቤያለሁ። የለማን ፎቶ ግን አስቀርቼዋለሁ። ራሱን በራሱ ያነሣው፣ የሚስቅበት አለ አይደል? በትልቁ አሳጥቤ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ፊቱን ወደሚገባው ሰው አዙሬ። የከተማው ሰው በአንዱም በሌላውም ጉዳይ እኔ ቢሮ መግባቱ አይቀርም። የገባ ሁሉ ያየዋል፤ እኔ ደግሞ የገባውን አያለሁ። አንድ ቀን አይቶት የሚደነግጥ አላጣም።»

ፀሐይነሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከወዲያ ማዳም ትጣራለች። ክፍሌ ድምፁን አወፈረ።

«ስለዚህ ጉዳዩ በክትትል ላይ ነው» አለ።

ስታንገሸገሽበት የኖረችው ቃል ነው። ዛሬ ግን ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«እንደገና በለው» አለችው።