ንጹህ ናት ያልናት ዶሮ

ላቦራቶሪ ውስጥ «አነፍናፊዋ» ነው የሚሏት። ሌላው ሰው ማሽኑን ሲጠይቅ እሷ አስቀድማ በአፍንጫዋ ትጠይቃለች። ይስቁባታል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ሥራዋ የጥሬ ዶሮ ምርመራ ነው። ቄራው ውስጥ ዶሮዋ ከረጢት ገብታ በፈሳሽ ትለቀለቃለች፤ ፈሳሹ በጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፤ እሷም ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይኑርበት አይኑርበት ታያለች። ከአንዱ ቄራ የሚመጣው ናሙና ስድስት ወር ሙሉ ንጹህ ሆኖ ከርሟል። የዚያ ቄራ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ታላቅ እህቷ ናት። እህት ሆዬ ዶሮዎቿ ንጹህ ናቸው የሚለውን የምስክር ወረቀት በመስታወት አሳሽጋ ቢሮዋ ሰቅላዋለች፤ ግርጌው ላይ ያለው ፊርማ የአነፍናፊዋ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእህቷን ጠርሙስ ስትከፍት በረኪና ሸተታት።

«በበረኪና ውሃ እየነከሩ አይደል የሚያጥቡት? ቢሸት ምን ይገርማል?» አላት አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ።

ነገሩ ግን አልዋጥላት አለ። በረኪናው ከዶሮዋ እየተንጠባጠበ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ፣ መንገዱን ሙሉ ባክቴሪያውን ሲፈጅ ይመጣል ማለት ነው። ዶሮዋ ላይ ተጣብቆ የቀረው ደግሞ ማን ነክቶት! ስድስት ወር ሙሉ የሞተውን ሲቆጥሩ ኖረዋል።

በማግስቱ ራሷ ቄራ ሄደች። የአሥር ዶሮዎችን እጣቢ ወስዳ እያንዳንዱን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን እንደ ድሮው፣ ግማሹን የበረኪና ማርከሻ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረችው። ከቀናት በኋላ ባክቴሪያው እንዲያድግ ናሙናውን ያፈሰሰችባቸውን ሳህኖች ስታይ የድሮዎቹ ጥርት ብለዋል። ማርከሻ ካገኙት ስድስቱ ግን ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባቸው መስለዋል።

«እሰይ!» ብላ ዘለለች። ወዲያው እህቷ ትዝ አለቻትና ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ሪፖርቱ ዛሬ ይወጣል» አላት አለቃዋ። «ለእህትሽ ግን አንቺው ብትነግሪያት ይሻላል።»

ሄዳ ነገረቻት። እህቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ስድስት ወር ንጹህ ነሽ ስትይኝ ከርመሽ ዛሬ ቆሻሻ ነሽ? ምን በደልኩሽ?»

«ጥፋቱ የኛ ነው እትዬ። አመራመራችን ነው የተሳሳተው።»

«የተሳሳታችሁት እናንተ፣ የምዋረደው እኔ! ጥሩ ነው! ገና ብዙ...» አለችና ድንገት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! ለእማዬ ዛሬ ጠዋት ዶሮ ልኬላታለሁ!»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ዶሮዋን እንዳትነኪያት!»

«ምነው? እያጠብኳት እኮ ነው።» እናታቸው ሳቀች። «ኧረ ተይኝ! የልጄ ፊርማ ያለባት ዶሮ ምን ትሆናለች? ጎረቤቱ ሁሉ ፊት የምኮራበት ፊርማ!»

እህቷ ስልኩን ለአነፍናፊዋ ዘረጋችላት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ፊርማዬን አትመኚው፤ ተሳስቼ ነበር። እጅሽንም ገንዳውንም በሳሙና እጠቢ፣ ዶሮዋንም በደንብ አብስያት። እሺ?»

በዚያ በኩል የቧንቧው ውሃ ሲዘጋ ተሰማ። «እሺ ልጄ» አለች እናታቸው ቀስ ብላ።

አነፍናፊዋ እንባዋ መጣ። እህቷ ወንበር ላይ ወጥታ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደችና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ነገ ናሙና ልትወስጂ ስትመጪ» አለች ሳታያት፣ «ያንን ማርከሻሽን እንዳትረሺ።»