ጋሼ ጉሮሮን ማንበብ

የድምፅ መጻሕፍት የምንቀዳበት ክፍል አንድ አልጋ ቢዘረጋበት ይሞላል። ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል። ከመስታወቱ ወዲያ እትዬ ማይክ ታነባለች፤ ከመስታወቱ ወዲህ እኔ ማዳመጫ አጥልቄ፣ መስመሩን በእርሳስ እየተከተልኩ እሰማለሁ። ስትሳሳት መስታወቱን አንኳኳለሁ፤ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ትመለሳለች። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም። የማውቀውን ያወቅሁት እዚችው ወንበር ላይ በመስማት ነው፤ እሱ ይመስገን።

ማይክ የሚለው ስም የወጣላት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ መነሻና መድረሻ ስትለፍፍ ስለኖረች ነው።

በዚያ ሳምንት የያዝነው የአንድ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ምዕራፍ ነበር። የምናነበው ማየት ለተሳናት የኮሌጅ ተማሪ ነው። በዚሁ ትምህርት አንዴ ወድቃለች። በሳምንቱ መጨረሻ የቃል ፈተና አለባት፤ አሁንም ከወደቀች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው።

የፈላስፋው ስም መከራችንን አሳየን። ሲጻፍ እንደ ባቡር የተቀጣጠለ ነው፤ ሲጠራ ግን ግማሹ ይዋጣል፣ የቀረው የዓሣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ከጉሮሮ ይወጣል። "ጋሼ ጉሮሮ" አልነው። ማይክ ግን እጅ አልሰጠችም። ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ጎረቤቷን ይዛ፣ ልብስ እያጠበች እየተኮሰች ስትለማመድ ሰነበተች። በፈተናው ዋዜማ አንዴም ሳትደናቀፍ ጠራችው።

"እህሳ?" አለችኝ ከወዲያ።

አውራ ጣቴን አነሣሁላት።

ከሰዓት ተማሪዋ መጥታ ቅጂውን ሰማች። ፊቷ አልፈካም።

"እትዬ፣ ስሙን አሳምረሽዋል። ሰውየው ምን እንዳለ ግን አልገባኝም።"

"እንዴት አይገባሽም? አንድ ቃል አልዘለልኩም እኮ!"

"ስሙ በመጣ ቁጥር ቆም ትይና ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ። እኔ ደግሞ አውቶቡሴ የተጠራ እየመሰለኝ ሻንጣዬን ላነሣ እደርሳለሁ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ማይክ ገላመጠችኝ። "አንተስ? ቀኑን ሙሉ እዚያ ተጎልተህ ምን ሰማህ?"

እኔም ስሙን ስጠብቅ ሐሳቡ በጎኔ አልፏል።

"በይ እሺ ልጄ፣" አለች ማይክ መነጽሯን እያጸዳች፤ "እንዴት አድርጌ ልጥራው?"

"እንደ ማንኛውም ጎረቤት። ስሙን አሳልፊውና ያለው ነገር ላይ ቁሚ።"

ተመልሳ ገባች። አሁን ስሙን እንደ ዋዛ እያለፈች፣ ሐሳቡ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ረጋ እያለች አነበበች። ሰውየው የሚለው እንዲህ ነው፦ ሌላውን ሰው የምናየው ስለ እርሱ አስቀድመን በያዝነው ነገር በኩል ስለሆነ፣ የምናገኘው መልሶ ራሳችንን ነው። እርሱን ለማግኘት የያዝነውን ለጊዜው አስቀምጠን መጠበቅ አለብን። ከጸሎት በኋላ ምንም ሳልለምን የምቀመጥባት ጊዜ ትዝ አለችኝ። እርሳሴ የት እንደቆመ እንጃ።

"ቆይ ቆይ!" ተማሪዋ እጇን አነሣች። "አጎቴ ሲያናግረኝ ይጮኻል። የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ መቼ ጠፋ! 'ጎዶሎ ናት' የሚለውን ይዞ ነው የሚያናግረኝ። ይሄን ማለቱ ነው?"

"ይሄንኑ!" አለች ማይክ ከመስታወቱ ወዲያ።

"ግን አልስማማም። አጎቴ የያዘውን ሁሉ ካስቀመጠ፣ እንደሚወደኝስ አብሮ ሊያስቀምጥ ነው? ፍቅርም እኮ አስቀድሞ መያዝ ነው። ሰውየው እዚህ ላይ ቸኩሏል።"

"ኧረ ልጄ፣ እሱን ፈተና ላይ እንዳትናገሪ!"

"እሱን ነው የምናገረው።"

እኔም "ተናገሪው" አልኳት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ስልክ ደወለች። ማይክ ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ ከፈተችው።

"ፈታኙ 'ይሄን ተቃውሞ ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?' አለኝ። 'ከቤታችን' አልኩት። እስቲ አስረጂኝ ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ ሲስብ ሰማሁት። ተከራከርን። አልፌያለሁ።"