የኮስተሩ ሮዳጅ

ፉኣድ ጠቋሚ ጣቱን አንሥቶ ለሥዩም አሳየው።

«ኮስተሩ መካ ደርሶ በሰላም ይመለስ እንጂ፣ በማግስቱ ይቺን ጣት ስልኬ ላይ አሳርፋለሁ። ኸላስ፣ አገርህ ትገባለህ።»

ዐረቦቹ ኹሩጅ የሚሉት የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ዛሬ የሚሰጠው «ከፊል» በሚሉት ዋስ አሠሪ ስልክ ነው። ሥዩም ያቺን ጣት ሦስት ዓመት ሲለምን ኖሯል። ጂዳ ከመጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሲለያት የአራት ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጁ ረድኤት በቅርቡ በስልክ «እርስዎ» ትለው ጀምራለች። ማንም አላዘዛትም፤ እንደማታውቀው ትልቅ ሰው ቆጥራው ነው።

ጉለይል ሰፈር ያለው የፉኣድ ወርሻ፣ የመኪና ጋራዡ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መፍቻ በባዶ እጅ አይያዝም። ሥዩም የኮስተር አውቶቡሱን ሞተር እዚያ ዐሥር ቀን ሠራው። ብሎኩን በናፍጣ አጠበ፤ የዘይት መንገዶቹን አንድ በአንድ በአየር ነፋ። የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን አዲስ ብሮንዚኖች ዘይት ቀብቶ አስቀመጠ፤ የፒስተኖቹን ፋሻዎች አፋቸው በአንድ መስመር እንዳይውል እያዞረ አስገባ፤ የላይኛውን ክዳን ብሎኖች ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቀ። ሲገጥም አያወራም። የኮስተሩ ሾፌር ሰይድ ግን ጀሪካን ላይ ተቀምጦ የሁለቱንም ድርሻ ያወራ ነበር።

«ሥዩሜ፣ ለሚስትህ እንዲህ ተጠንቅቀህላት ታውቃለህ?»

«ሚስቴ ዘይት አታፈስም።»

ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ከሚስቱ ከከሪማ ጋር ሰቢል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከሪማ መካ አንድ ሆቴል ታጸዳለች፤ እሷንና ሌሎች ሃያ የሚሆኑ ሴቶችን በየቀኑ የሚያመላልሳቸው ሰይድ ነው። አገር ቤት የመግባት ሐሳብ የላቸውም። «ከዚህ እኔን የሚያስወጣኝ ከፈን ብቻ ነው» ይላል ሰይድ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሥዩም ከሞተሩ ሥር የሚታሰረውን የዘይት ኮፓ ሊገጥም ሲል ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ከተገዛው ዕቃ ውስጥ ጎደለ። ሻጩ እሑድ ይመጣል አለ። ፉኣድ ደግሞ ሐሙስ ይውጣ ብሏል። ሥዩም የሲሊኮን ቱቦ አነሣ። ሲሊኮን እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ነው የሚቀባው፤ ይህን ለስንቱ አስተምሯል። የኮፓው ከንፈር ግን ትንሽ የጎበጠ መሰለው። ነገ መንገድ ላይ ዘይት ቢያንጠባጥብ ያቺ ጣት ስልኩ ላይ አታርፍም። እንደ አውራ ጣት አወፍሮ ቀባው። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ቀዩ ሲሊኮን በውጭ በኩል ተጨምቆ ወጣ፤ በጨርቅ ጠረገው። በውስጥ በኩል ምን ያህል እንደ ወጣ አይታይም።

ሐሙስ ጧት ፉኣድ ኮስተሩ ባዶውን አይሄድም አለ፤ ሴቶቹ ተሳፈሩ። ሥዩም ራሱ ነዳ። አዲስ የተገጠመ ሞተር የሮዳጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ድረስ በአንድ ፍጥነት አይነዳም፣ አይጨነቅም፣ ቆሞም ብዙ አይሠራም። እግሩን ሲጫንና ሲያነሣ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ ከጂዳ ወደ መካ መንገድ ላይ ካለችው ከበህራ ከተማ ደረሰ። ድምፁ እንደ አሰበው ነበር። እዚያ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ አቆመ። ከፊት ያለውን ኬላ ከሙስሊም በቀር ማንም አያልፍም፤ ሥዩም ደግሞ ክርስቲያን ነው።

«ሁለት ቃል ብትል እኮ አብረን እንገባ ነበር» አለ ሰይድ መሪውን እየተቀበለ።

«እኔን ተወኝና ሞተሩን አደራ።»

«ሞተሩማ ሰልሟል። ይኸው ካንተ ቀድሞ መካ ሊገባ ነው።»

ከኋላ ሴቶቹ ሳቁ። ሥዩም አልሳቀም። «ስማኝ። ሴቶቹን እንዳወረድክ አጥፋው። ሙከይፉን እንዳትነካ፤ ማቀዝቀዣ ሞተሩን ይጭነዋል። ቆሞ እንዳይሠራ።»

«ማሺ፣ ማሺ።»

ሥዩም ማደያው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ተቀመጠ። ወደ መካ የሚያልፉትን መኪኖች ድምፅ እየሰማ የየትኛው ሞተር እንደ ደከመ በልቡ ይለይ ጀመር። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቀ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሥዩሜ፣ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ» አለ ሰይድ። «ወዲያው አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ግን ያንኳኳ ነበር፤ በር እንደሚመታ ሰው።»

«ምን አደረግኸው?»

«የሆቴሉ ዘበኛ በሩን አልከፍትም አለን። አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። ከሪማ ራሷን ሳተች። ሞተሩን አስነሥቼ ሙከይፉን ከፈትኩላቸው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሥዩም ስልኩን ዘጋው።

ኮስተሩ ተጎትቶ መጣ። ቅዳሜ ፉኣድ ወርሻው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ስልኩን እንደ ያዘ ጠየቀ።

«ጥፋቱ የማነው? የሠሪው ነው የነጂው?»

ሥዩም መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። «ቆሞ እየሠራ ሙከይፍ ተከፈተበት። በአዲስ ሞተር ይህ አይደረግም። ነግሬው ነበር።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ሰይድ መብራቱን ባየበት ቅጽበት ማጥፋቱን ግን አልጨመረም። ሞተሩም ገና አልተከፈተም።

ፉኣድ ራሱን ነቀነቀ፤ ስልኩ ላይ ጥቂት ፈለገና ጣቱን አሳረፈ። ስልኩ ጢን አለ። ሥዩም ሦስት ዓመት የለመናት ጣት በአንድ ትንፋሽ ሥራዋን ሠራች፤ ኹሩጁ የወጣው ግን በሰይድ ስም ነበር።

«ረቡዕ ትበራለህ» አለው ፉኣድ ሰይድን። ወደ ሥዩም ዞረ። «አንተ ሞተሩን እንደገና ታነሣዋለህ። ከዚያ ያንተን አደርጋለሁ።»

ሰይድ ከኮስተሩ ውስጥ መስገጃውንና የውሃ ኮዳውን አወጣ። ሥዩም ይጮህብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸም።

«ጥፋቴ ከሆነ ጥፋቴ ነው» አለ። «ሞተሩን ስትከፍተው ግን ምን እንደ ነካው ንገረኝ። በሙከይፉ ከሆነ አልጸጸትም፤ ሚስቴ ናት። ብቻ ልወቀው።»

«እነግርሃለሁ።»

ማክሰኞ ሥዩም ኮፓውን አወረደ። ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ወንፊት አለ። ወንፊቱን ቀይ ሲሊኮን እንደ ትል ተጠቅልሎ ደፍኖታል። ዘይት ሽቅብ አልወጣም፤ ብሮንዚኖቹ ደርቀው እስከ መዳባቸው ተፍቀዋል። ሙቀት ያደረገው ነገር አልነበረም። ሙከይፉ ባይከፈትም፣ ዘበኛው በሩን ገና ሲደርሱ ቢከፍትላቸውም፣ ሞተሩ ያው ይሆን ነበር።

ሲሊኮኑን በጥፍሩ ላጠው። እጁ ላይ ሲያደርገው የደፈነው ቱቦ አፍ ቅርጽ እንኳ አልጠፋበትም። ሰይድ ገና ሰቢል ነበር፤ በእግር የሚደረስበት ቦታ። ኹሩጁንም የሰጠችው ጣት ከፈለገች ትሰርዘዋለች።

ፉኣድ ከኋላው መጥቶ ቆመ። «እህ፣ ምን አገኘህ?»

ሥዩም መዳፉን ጨበጠ። «ሙቀቱ ነው» አለ። ፉኣድ ሲሄድ ሲሊኮኑን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ቆሻሻው በርሜል ውስጥ ጣለው፤ ከዚያ ተመልሶ ጨርቁን ወደ ታች ገፋው።

በዚህኛው ጊዜ ጓርኒሲዮኑ እስኪመጣ ጠበቀ። ሦስት ሳምንት ሠራ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ፤ ፉኣድ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«የእጅህን ነገር አባቴም ይናገር ነበር» አለ። «ከሐጅ በኋላ እንነጋገር። በሐጅ ሰሞን እንዲህ ያለ ሠሪ የሚለቅ ማን አለ?»

በማግስቱ ሥዩም ኮስተሩን በህራ ድረስ ነድቶ ለአዲሱ ሾፌር ለአብዱረሺድ አስረከበ። ወደ ጥላው ሲሄድ፣ ባሏ ከበረረ በኋላም በሥራዋ የቀረችው ከሪማ በመስኮት ጠራችው።

«ጋሼ ሥዩም፣ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደውሎ ነበር። ሞተሩ ተከፍቶ ምን እንደ ተገኘ ጠይቂልኝ ይላል። ሲለኝ ሦስተኛው ነው።»

ሥዩም የሞተሩን ድምፅ ሰማ። አንድም ጉድለት አልነበረበትም።

«ሙቀቱ ነው በይው።»

ከሪማ ሻሿን አስተካከለች። «እኔም እንዲያ ነው ያልኩት» አለች። «እኔ ባልወድቅ እኮ ሙከይፉን አይከፍትም ነበር። እኔው ነኝ ያስባረርኩት።»

ሥዩም አፉን ከፈተ። አብዱረሺድ ከፊት ዞሮ እያየው ነበር፤ ነገ ወርሻ የሚውለው፣ ከፉኣድ ጋር የሚጫወተው አብዱረሺድ።

«መንገድ ላይ ሾፌሩን አስታውሺው» አላት፤ «ሞተሩ ቆሞ እንዳይሠራ።»

ከሪማ እሺ አለች። ኮስተሩ ወደ ኬላው ሄደ፤ ሥዩምም ካርቶኑን ፈልጎ ጥላው ሥር አነጠፈ።