ያልተዘፈነ አይነፋም

ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ የምንማርበት የክረምት ትምህርት ቤታችን ስኮትላንድ ውስጥ ሳውዝ ዩስት ደሴት ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው እያደርን እንማራለን። ዓርብ ዕለት አንድ ተማሪ ተመርጦ ለመንደሩ ሰው ብቻውን ይነፋል። ያ ተማሪ እኔ እንድሆን ፈልጌ ነበር፤ በጣቶቼም እተማመን ነበር።

ሐሙስ ቁርስ ላይ መምህራችን እትዬ ኤፊ የአጃ ገንፏቸውን ገፋ አድርገው አዩኝ።

"ሩሪ፣ እስቲ ለነገ የተለማመድከውን ዜማ ዝፈንልኝ።"

"ብነፋልዎት አይሻልም?"

"አይሻልም። እኔ ከአባቴ አፍ ነው የተማርኩት። ያልተዘፈነ አይነፋም።"

አብሮኝ የሚያድረው ታርኩዊል ሳቀ። "ኧረ እትዬ ኤፊ! እሱ እንኳን ሊዘፍን፣ ጨው አቀብሉኝ ማለትም ያፍራል!"

እውነቱን ነው፤ ሦስት ቀን ገንፎውን ያለ ጨው በልቻለሁ። ቢሆንም ተነሣሁ።

የባግፓይፕ ዜማ በአፍ በሚዘፈንባቸው ድምፆች "ሂን ዶ ሆ ድሮ" ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ረጅሙ ድምፅ ሲመጣ ግን እስትንፋሴ እስኪያልቅ ያዝኩት። ስነፋ ጣቶቼ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይቸኩሉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም ሳያዝዘኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ደገምኩት። ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ ሰው አልነበረም።

"በል ጫማህን ወልውል" አለኝ ታርኩዊል፤ "ነገ የምትነፋው አንተ ሳትሆን አትቀርም።"

"ሳትሆን አትቀርም የሚሉት ነገር የለም" አሉት እትዬ ኤፊ። "እሱ ነው።"

እኔም "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።